ኩላሊቱን የጎዳው የሽንት መድኃኒቱ ነው ወይስ አብሮት የተዋጠው?

«ላሲክስ ከጀመረ በኋላ ነው ኩላሊቱ የሄደው» ሲባል ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። ሐኪም ያዘዘላቸውን የሽንት መድኃኒት ሳምንት ሳይሞላቸው የሚያቆሙ ብዙዎችም ይህንኑ ሰምተው ነው። ወሬው ከምንም አልተነሣም። መድኃኒቱ የሚታዘዘው ልቡ ለደከመ፣ ጉበቱ ጠባሳ ይዞ ሆዱ ውሃ ለቋጠረ፣ ደም ግፊቱ ለዓመታት ሳይታከም ለቆየ፣ ኩላሊቱ ራሱ ፕሮቲን ማፍሰስ ለጀመረ ሰው ነው። የእነዚህ ሰዎች ኩላሊት መድከም የጀመረው አብዛኛውን ጊዜ ከኪኒኑ በፊት ነው። ኪኒኑ ግን መጨረሻ ላይ ስለተጀመረ ጥፋቱን ይሸከማል።

መድኃኒቱ ንጹሕ ነው ማለት ግን አይደለም። ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል፤ የሚጎዳበት መንገድ ነው ከሚወራው የሚለየው። የኩላሊትን ሥጋ በቀጥታ አይመርዝም። ጉዳት የሚያደርሰው ሰውነትን ከልክ በላይ ሲያደርቅ፣ የደም ጨዎችን ሲያዛባ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሌሎች ኪኒኖች ጋር ሲገጣጠም ነው። ሰው ላሲክስን እየፈራ ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ እንደ ከረሜላ የሚውጠው ይህ ስለማይነገረው ነው።

ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን ወደ 180 ሊትር ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። በሽንት የሚወጣው አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ብቻ ሲሆን ቀሪው ከነጨው ወደ ደም ይመለሳል። የሽንት መድኃኒቶች የሚሠሩት ይህን የጨው መመለሻ መንገድ በመዝጋት ነው፤ ጨው ሲወጣ ውሃም ይከተለዋል። ፍሮሴማይድ፣ ማለትም ላሲክስ፣ የሚዘጋው ከተጣራው ጨው ሩብ ያህሉ የሚመለስበትን ቦታ ስለሆነ ኃይለኛ ነው። ለደም ግፊት በ12.5 ወይም በ25 ሚሊ ግራም የሚታዘዘው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚዘጋው ከመቶ አምስት እጅ ገደማ የሚመለስበትን ቦታ ነው። ስፓይሮኖላክቶን የሚሠራው በመጨረሻው ጫፍ ላይ ነው፤ ሽንት በማብዛት ደካማ ቢሆንም ከሁለቱ በተቃራኒ ፖታሲየምን በደም ውስጥ ያስቀራል። ይህ ልዩነት ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

በአፍ የተዋጠ ፍሮሴማይድ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ሥራ ይጀምርና ስድስት ሰዓት ያህል ይቆያል። ኃይሉ ሲያልቅ ኩላሊት ያጣውን ጨው ለመመለስ ይስገበገባል። ጠዋት መድኃኒቱን የወሰደ ሰው ማታ ጨው የበዛበት ሽሮ፣ ቋንጣ ወይም ሚጥሚጣ ከበላ ቀን ያወጣውን ሌሊት መልሶ ይይዘዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው የተጨመረበት ከሆነ ወጡ ላይ የሚነሰነሰው ሁለተኛ ዙር መሆኑን ማስታወስ ነው። ቡናን በጨው መጠጣት በተለመደበት አካባቢም እንደዚያው። «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ብሎ መጠኑን በራሱ እጥፍ የሚያደርገው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው ማዕዱ ላይ ነው።

ድርቀት ሲጀምር

ሰውነት ከሚችለው በላይ ፈሳሽ ሲያጣ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ይቀንሳል። መጀመሪያ የሚታየው አፍ መድረቅ፣ ከመኝታ ሲነሡ ዓይን ጭልም ማለት፣ የእግር ጡንቻ መኮማተር፣ ከዚያም የሽንት መጥቆርና ማነስ ነው። ቤት ውስጥ የግፊት መለኪያ ያለው ሰው ተቀምጦ ይለካ፣ ከዚያ ቆሞ በ3 ደቂቃ ውስጥ ይድገመው። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ መድኃኒቱ እንዲታይለት ሐኪሙን ያማክር። በላቦራቶሪ ደግሞ ኩላሊት ከደም የሚያስወግደው ክሬቲኒን የሚባል ቆሻሻ ይጨምራል፣ ቢዩኤን የሚባለው ሌላው ቆሻሻ ከእሱም ፈጥኖ ከፍ ይላል። በአንድ ዓይነት መለኪያ ሲሰላ ቢዩኤን ከክሬቲኒን 20 እጥፍ ካለፈ ሐኪሞች ቀድመው ድርቀትን ይጠረጥራሉ።

ክሬቲኒን በ48 ሰዓት ውስጥ በዴሲ ሊትር 0.3 ሚሊ ግራም ከጨመረ፣ ወይም በ7 ቀን ውስጥ አንድ ተኩል እጥፍ ከሆነ፣ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ይባላል። በድርቀት የመጣው ቶሎ ከተደረሰበት ፈሳሽ በመተካትና መድኃኒቱን ለጊዜው በማቆም በሁለት በሦስት ቀን ይስተካከላል። ከቆየ ግን የኩላሊት ቱቦዎች ሕዋሳት በደም እጥረት መሞት ይጀምራሉ። ያኔ ማገገሙ ሳምንታት ይፈጃል፤ አንዳንዱም ወደነበረበት ሳይመለስ ይቀራል።

ሦስቱ ሲገናኙ

ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዷ የኩላሊት ማጣሪያ አንድ የደም መግቢያና አንድ የደም መውጫ ቧንቧ አላት። ደም ሲያንስ ኩላሊት ማጣራቱን የሚያስቀጥለው መግቢያውን በማስፋትና መውጫውን በማጥበብ ነው። መግቢያውን የሚያሰፋው ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን የሚያግዱት እሱን ነው። መውጫውን የሚያጠበው አንጂዮቴንሲን ነው፤ ኢናላፕሪልና ሎሳርታን የተባሉት የግፊት መድኃኒቶች የሚያግዱት ደግሞ እሱን። ከዚህ ላይ የሽንት መድኃኒት ተጨምሮ የደሙ መጠን ሲቀንስ ማጣሪያዋ ሁለቱንም መከላከያ አጥታ ትቀራለች።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ወደ 487 ሺህ የሚጠጉ የግፊት መድኃኒት ተጠቃሚዎችን መዝገብ መርምሯል። ሦስቱን፣ ማለትም የሽንት መድኃኒት፣ ኢናላፕሪልን ወይም ሎሳርታንን የመሰለ መድኃኒትና ማስታገሻ፣ በአንድ ላይ የወሰዱት ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት የደረሰባቸው ያለ ሕመም ማስታገሻው ከወሰዱት በ31 በመቶ በልጦ ነበር። በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ልዩነቱ 82 በመቶ ደርሷል። ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንዱን ብቻ ከማስታገሻ ጋር በወሰዱት ላይ ግን ይህን ያህል ልዩነት አልተገኘም። ለአንድ ሰው ሲሰላ አደጋው በቁጥር ትንሽ መሆኑ እውነት ነው። ጥናቱ የቆጠረው ግን በሐኪም ማዘዣ የተመዘገበውን ማስታገሻ ነው። እኛ ዘንድ ዲክሎፌናክ ከፋርማሲ መስኮት «የወገብ ሕመም አለብኝ» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይገኛል፤ መርፌውም እንዲሁ። ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የምትወስድ የ65 ዓመት እናት ጉልበቷን ሲያማት ልጇ 50 ሚሊ ግራሙን ገዝቶ ይሰጣታል፣ ሻል ይላትና በቀን ሁለት ጊዜ ትቀጥላለች። በአሥረኛው ቀን እግሯ ሲያብጥ ጥፋቱ የሚለጠፈው በሽንት መድኃኒቱ ላይ ነው።

ለተራ ሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል፦ ለአዋቂ በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊ ግራም እስከ 1 ግራም፣ በቀን ከ4 ግራም ሳይበልጥ፤ ጉበቱ የታመመ ሰው ግን ከ2 ግራም እንዳያልፍ ይመከራል። የሚቀባው ዲክሎፌናክ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ስለሆነ ከሚዋጠው ይመረጣል።

ማስታገሻው በሌላ በርም ይገባል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድም ፍሮሴማይድም የደምን ዩሪክ አሲድ ከፍ ስለሚያደርጉ ሪህ ይቀሰቅሳሉ። የእግር አውራ ጣት ድንገት ሌሊት ቀልቶ ያብጣል፣ አንሶላ እንኳ ሲነካው ያስጮኻል። ሰውዬው ለዚህ ዲክሎፌናክ ይወስዳል፣ የሪህ ሕመሙም ጸጥ ይላል፤ ከሪሁ ጀርባ ያለው የሽንት መድኃኒት ግን አልተነካም። በወሩ ይመለሳል፣ ማስታገሻውም ይደገማል። መፍትሔው ማዘዣውን መለወጥ ነው። ለምሳሌ ሎሳርታን ግፊት እየቀነሰ ዩሪክ አሲድንም ያወርዳል።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ስሕተት አለ፤ ይኼኛው ከባለሙያ ወገንም ይመጣል። አምሎዲፒን የተባለውን የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ቁርጭምጭሚታቸው ማበጡ የተለመደ ነው፣ በተለይ በ10 ሚሊ ግራም። ይህ እብጠት የመጣው ጨውና ውሃ ስለተጠራቀመ ሳይሆን መድኃኒቱ ትናንሽ ደም ቅዳዎችን ስላሰፋና ፈሳሽ ወደ ሥጋ ስለሾለከ ነው። ኩላሊት ነው ተብሎ ላሲክስ ሲታዘዝ እብጠቱ እምብዛም አይቀንስም፤ ደሙ ግን ይደርቃል። እብጠት ያየ ሰው ላሲክስ ከመጨመሩ በፊት አምሎዲፒን መቼ እንደተጀመረና መጠኑ መቼ ከፍ እንዳለ ይጠይቅ። መጠኑን ወደ 5 ሚሊ ግራም ማውረድ ወይም ኢናላፕሪልን የመሰለ መድኃኒት ማጣመር ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ሙዝ ለማን?

«ላሲክስ ከወሰድክ ሙዝ ብላ» የሚለው ምክር ለፍሮሴማይድና ለሃይድሮክሎሮታያዛይድ ተጠቃሚ መሠረት አለው፤ ሁለቱም ፖታሲየም ያስወጣሉ። ፖታሲየም በሊትር ከ3.5 ሚሊ ሞል በታች ሲወርድ ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምት ይዛባል። ያው ምክር ስፓይሮኖላክቶንን ከኢናላፕሪል ጋር ለሚወስድ የኩላሊት ሕመምተኛ ሲሰጥ ግን አደገኛ ነው፤ ለእሱ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ድንችና የቲማቲም ድልህ መጠናቸው ይታይ። ከ5.5 በላይ ሲሆን ሐኪም በፍጥነት ማየት አለበት፤ ከ6 በላይ ደግሞ ልብ ሊያቆም ስለሚችል ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬድ ነው። «ለግፊት የሚስማማ» ተብለው የሚሸጡ የጨው ምትኮች ብዙዎቹ ፖታሲየም ክሎራይድ መሆናቸውም ይታወቅ።

ካናዳ ይህን በደንብ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ትልቅ ጥናት ስፓይሮኖላክቶን በከባድ የልብ ድካም የሚሞቱትን በ30 በመቶ እንደሚቀንስ ካሳየ በኋላ ሐኪሞች በብዛት ያዙት ጀመር። በኦንታሪዮ ግዛት ከልብ ድካም ጋር ኢናላፕሪል መሰል መድኃኒት ከሚወስዱ አረጋውያን መካከል በፖታሲየም መብዛት ሆስፒታል የተኙት እ.ኤ.አ. በ1994 ከሺህ 2.4 ነበሩ፤ በ2001 ከሺህ 11 ደረሱ። መድኃኒቱ ያው ነው። የተለወጠው በጥናቱ ውስጥ የነበረው የጥንቃቄ ምርጫና ተደጋጋሚ የደም ምርመራ በተራው ሕክምና ውስጥ አለመኖሩ ነው። የደም ምርመራ ማግኘት በሚያስቸግርበት ጤና ጣቢያ ሁለቱን አጣምሮ ማዘዝ ሁለት ጊዜ ሊታሰብበት ይገባል ብለን እናምናለን።

ሶዲየምም አለ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ በተለይ በዕድሜ በገፉ ቀጫጭን ሴቶች ላይ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሶዲየምን በሊትር ከ135 ሚሊ ሞል በታች ሊያወርድ ይችላል። ከዚያ በጣም ሲያሽቆለቁል ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መዘባረቅ ይመጣል፤ ቤተሰብ «ጃጅታለች» ብሎ ያልፈዋል። እዚህ ላይ «ኩላሊትሽ እንዳይጎዳ ብዙ ውሃ ጠጪ» የሚለው ምክር ነገሩን ያባብሰዋል፤ የጎደለው ውሃ አይደለምና። በባዶ ሆድ ጸበል በብዛት የሚጠጡና የሚያስመልሳቸው ምእመናንም ይህን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከመሄዳቸው በፊት ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩ። ጸበሉን መተው አያስፈልግም፤ የሚጠጣው መጠንና የኪኒኑ ጉዳይ ነው መስተካከል ያለበት።

ተቅማጥ፣ ጾምና ሙቀት

የሽንት መድኃኒት የሚወስድ ሰው አተት ሲይዘው፣ ወይም ከማናቸውም ምክንያት ቀን ሙሉ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው፣ ኪኒኑን እንደወትሮው መዋጡ ኩላሊቱን በአንድ ሌሊት ሊያቆመው ይችላል። የተለመደው መመሪያ የሽንት መድኃኒቱን፣ ኢናላፕሪልን ወይም ሎሳርታንን፣ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒትና ማስታገሻውን ለጊዜው ማቆም፣ ሰውዬው በደንብ መብላትና መጠጣት ከቻለ ከ24 እስከ 48 ሰዓት በኋላ መመለስ ነው። የሕይወት አድን ንጥረ ነገሩ ፓኬት ላይ በተጻፈው መጠን፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ይበጠበጣል። ልቡ የደከመ ሰው ግን ይህን በራሱ አይወስን፤ ጤነኛ እያለ ቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ የሚቆመውንና የማይቆመውን በወረቀት ያስጽፍ። ኮሶ ወይም ሌላ የሚያስቀምጥ ባህላዊ መድኃኒት መጠጣትም ለኩላሊቱ ከተቅማጥ አይለይም።

በጾም ወቅት ጠዋት ላሲክስ ወስዶ እስከ 9 ሰዓት ምንም አለመቅመስ ለብዙ አረጋውያን ይከብዳል። በረመዷንም ከንጋት እስከ ማግሪብ እንዲሁ። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱን ወደ መብያው ሰዓት ማዛወር ወይም መጠኑን ማስተካከል ይቻላል። በአንድ ቀን ሁለት መጠን የታዘዘለት ሰው በአዘቦት ሁለተኛውን ከቀኑ 8 ሰዓት ባያሳልፈው ሌሊቱን ሽንት ቤት ሲመላለስ አያድርም። በአፋርም ሆነ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙቀት ውስጥ የሚሠራ ሰው ደግሞ በላብ የሚያጣው በሽንት በሚያጣው ላይ ስለሚደመር በቀዝቃዛ ወራት የበቃው መጠን በሙቀቱ ወራት ሊበዛበት ይችላል።

ላሲክስን ለመቅጠን የሚወስዱም አሉ። የሚወጣው ውሃ ነው፤ ስቡ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ሚዛኑም በሁለት ቀን ይመለሳል።

ኩላሊቱ ቀድሞ ለደከመ

ፍሮሴማይድ የሚሠራው ከውስጥ፣ ከሽንት ቱቦው ወገን ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ኩላሊቱ ራሱ ከደም ወደ ቱቦው ማስገባት አለበት። የደከመ ኩላሊት ይህን በሚገባ ስለማይችል 40 ሚሊ ግራም የወሰደ ሰው ምንም ላያሸና ይችላል። ከተወሰነ መጠን በታች የሚወሰድ ፍሮሴማይድ በተግባር እንዳልተወሰደ ነው፤ ያቺን መጠን ሲያልፍ ብቻ ሽንት ይመጣል። ሐኪሙ ወደ 80 ወይም 120 ሲያወጣው «ሊጨርሰኝ ነው» ብሎ መሸሽ ስሕተት ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድና የቅርብ ዘመዶቹ ኩላሊት በጣም ሲደክም አይሠሩም ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ግን ክሎርታሊዶን የተባለው ዘመዱ ከአምስቱ የኩላሊት ድካም ደረጃዎች አራተኛው ላይ በደረሱ ሕመምተኞች የላይኛውን ግፊት በ11 ነጥብ ገደማ እንዳወረደ አሳይቷል፤ ከ160 ሰዎች መካከል የክሬቲኒን መጨመርና ራስ መዞር ያጋጠማቸው እንደነበሩም አብሮ ዘግቧል።

ሽንት ያቆመ ኩላሊት ላይ ላሲክስ ደጋግሞ መወጋት ግን ኩላሊቱን አያድነውም። ሽንት ሊጨምር፣ ሳንባ የሞላውን ውሃ ሊቀንስ ይችላል፤ የተጎዳውን ቱቦ አይጠግንም፣ እጥበት የሚያስፈልገውንም ከእጥበት አያስቀርም። ከፍ ያለ መጠን በደም ሥር ሲሰጥ በደቂቃ ከ4 ሚሊ ግራም እንዳይፈጥን የሚባለው ለጆሮ ነው፤ ጄንታማይሲን ከሚባለው አንቲባዮቲክ ጋር ሲገናኝ ለጆሮም ለኩላሊትም ይብሳል። አልፎ አልፎ ደግሞ መድኃኒቱ እንደ አለርጂ የኩላሊትን ሥጋ ያስቆጣል፦ ትኩሳት፣ ሽፍታና ክሬቲኒን መጨመር በአንድ ላይ ሲታዩ መድኃኒቱ ወዲያው ይለወጣል።

ሚዛኑና የላቦራቶሪው ወረቀት

በቤት ውስጥ ከሁሉም የሚበልጠው መሣሪያ ሚዛን ነው። ጠዋት ሽንት ከተሸና በኋላ፣ ቁርስ ሳይቀመስ፣ በተመሳሳይ ልብስ መመዘንና ቁጥሩን መጻፍ። በአጭር ጊዜ የተለወጠ አንድ ኪሎ ማለት አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ነው። በልብ ድካም ላበጠ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ የተለመደ ግብ ነው። ሆዱ ውሃ የቋጠረ፣ እግሩ ግን ያላበጠ የጉበት ሕመምተኛ በቀን ከግማሽ ኪሎ በላይ እንዳይቀንስ፤ ከሆዱ ወደ ደም የሚመለሰው ውሃ በቀን ከዚያ ብዙም ስለማይበልጥ ትርፉ የሚቀነሰው ከደሙ ላይ ነው። በሦስት ቀን ከ2 ኪሎ በላይ የጨመረ ወይም እብጠቱ ጠፍቶ ሚዛኑ አሁንም እየወረደ ያለ ሰው ቀጠሮውን አይጠብቅ።

ክሬቲኒን፣ ሶዲየምና ፖታሲየም መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ይታያሉ፤ ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከተለወጠ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ይደገማሉ፤ ሁሉም ከረጋ በኋላ ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነ በዓመት አንዴ፣ ለደከመ በየሦስት ወይም በየስድስት ወሩ ይበቃል። የመጀመሪያውን ውጤት መጣል አይገባም፤ ያለ እሱ ክሬቲኒን 1.4 የሚል ወረቀት መጥፎ ይሁን ደኅና ማንም ሊናገር አይችልም። ለአንዱ ከ0.8 የዘለለ ነው፣ ለሌላው ለአምስት ዓመት የቆየበት ነው።

እብጠቱ እየጎደለ፣ ትንፋሹ እየተሻለ ያለ የልብ ሕመምተኛ ክሬቲኒኑ ጥቂት ከፍ ቢል መድኃኒቱን ወዲያው ማቋረጥ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣና 308 በልብ ድካም ሆስፒታል የተኙ ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት ከፍተኛ መጠን ፍሮሴማይድ የተሰጣቸው 23 በመቶ፣ ዝቅተኛ የተሰጣቸው ደግሞ 14 በመቶ ክሬቲኒናቸው ጨምሮ ነበር፤ በ60ኛው ቀን ግን በሁለቱ መካከል የኩላሊት ልዩነት አልታየም። ክሬቲኒኑ እየጨመረ ሰውዬውም እየደረቀ፣ ግፊቱ እየወረደ፣ ሽንቱ እያነሰ ከሆነ ግን መጠኑ በዚያው ቀን መታየት አለበት።